ነጩን እንደ መስታወት፦ የአውሮፕላን ሞዴል ቀለም በወሰን አየር

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787-8 በ1/144 ልኬት ሲሠራ ርዝመቱ 39 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ልኬት አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የምታህል የአቧራ ቅንጣት ነጩ ቀለም ውስጥ ከቀረች፣ በእውነተኛው አውሮፕላን ገላ ላይ ከ14 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ጠጠር እንደ መለጠፍ ይሆናል። ክንፉ ተስተካክሎ፣ ጎማው ቀጥ ብሎ የተሠራ ሞዴል ቀለሙ ስለሻከረ ብቻ መጫወቻ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ይህ መመሪያ በአዲስ አበባ በወሰን፣ በኮተቤ፣ በካራሎና በእንጦጦ ሥር ባሉት ሰፈሮች ቤቱ ውስጥ ሞዴል ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ነው። ሰፈሩን ለይቼ የጠራሁት በምክንያት ነው። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ወሰን ከዚያም ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አየሩ ሲሳሳ ቲነሩ ቶሎ ይተናል፤ በበጋ ደግሞ አየሩ ደረቅ ስለሆነ በውኃ የሚቀጥነውም ቀለም ይፈጥናል። ከኤርብራሹ (በአየር ግፊት ቀለም ከሚነፋው መሣሪያ) የወጣው ቀለም ፕላስቲኩ ላይ ሳይደርስ በመንገድ ላይ ይደርቅና ዱቄት ሆኖ ያርፋል። ስለዚህ በቀለሙ ጠርሙስ ላይ የታተመውን የቅልቅል መጠን እንደ መነሻ ይውሰዱት፤ የመጨረሻውን መጠን የሚነግርዎት ግን የሰፈርዎ አየር ነው።

አስቀድሞ መወሰን ያለበት፦ የትኛው አውሮፕላን?

ልስላሴና ማብረቅረቅ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሁሉም ሞዴል ልስላሴ ይፈልጋል፤ የሚያብረቀርቀው ግን አንዳንዱ ብቻ ነው። ቀለም ከመግዛትዎ በፊት የሚሠሩት አውሮፕላን ገላው ምን ይመስል እንደነበረ ከፎቶግራፍ ያጥኑ።

አየር መንገዳችን ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የተረከበው ቦይንግ 787 በነጭ አንጸባራቂ ቀለም የተሸፈነ፣ ጅራቱ ላይ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ያለበት ነው። ዝቬዝዳም ሬቬልም የ787-8ን ኪት በ1/144 ልኬት አምርተዋል። ይህ መመሪያ በዋናነት የሚከተለው ይህን አውሮፕላን ነው፤ አንጸባራቂ ነጭን በሚገባ የቀባ ሰው ሌላው ቀለም አይከብደውም።

መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገውን ሲ-47 ዓይነት አውሮፕላን የሚሠሩ ከሆነ ደግሞ የዘመኑን የአሉሚኒየም ገላ ማሳየት ያስፈልግዎታል። የብረት መልክ ያለው ቀለም ከሥሩ አንጸባራቂ ጥቁር ይፈልጋል፤ ጥቁሩ ላይ ያለች ጭረት ሁሉ በብረቱ ቀለም ላይ ጎልታ ትታያለች።

ሦስተኛው ምርጫ ፀሐይ ናት። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የሠራት፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተወስዳ ጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ የተመለሰችው አውሮፕላን ማለት ነው። ፀሐይን ከባዶ ለመሥራት የሚነሣ ሰው የዚያ ዘመን ቀላል አውሮፕላኖች ክንፍ በጨርቅ ይሸፈን እንደነበረ ያስታውስ። በጨርቅ ላይ መስታወት የሚመስል ብርሃን ሐሰት ነው፤ ለስላሳ ሆኖ ለዘብ ያለ አንጸባራቂነት ይበቃዋል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ኪቱና የሞዴል ቀለሙ ብዙ ጊዜ የሚመጡት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ነው። ዘመድዎን ሲያስቸግሩ በውኃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለምና ዲካል (በውኃ ርሶ የሚለጠፍ ምልክት) ይዘዙ። ተቀጣጣይ የቀለም ስፕሬይ፣ ቲነርና በቲነር የሚቀጥን ቀለም በሻንጣም ሆነ በእጅ ጓዝ ይዞ አውሮፕላን መሳፈር ክልክል ነው።

ሌላው አብዛኛው እዚሁ ይገኛል። የመኪና ቀለም ቤቶች ከቁጥር 400 እስከ 2000 ያለው የውኃ ብርጭቆ ወረቀት፣ ማስኪንግ ቴፕ፣ ስቱኮ፣ ክሊርና ፖሊሽ አላቸው። ከፋርማሲ አልኮል፣ ጥጥ፣ ጓንትና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይግዙ፤ ሲሪንጁ ቀለምና ቲነር ለመለካት ከማንኛውም ማንኪያ ይበልጣል።

ኤርብራሽዎ 0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ካለው ለሁሉም ሥራ ይበቃል፤ 0.5 ከተገኘ ለነጩ ሰፊ ገላ ይመረጣል። ኮምፕሬሰሩ የአየር ጋን ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ መብራት በሥራ መካከል ቢጠፋ ጋኑ ውስጥ ያለው አየር የጀመሩትን ንብር ያስጨርስዎታል። ግፊቱን የሚቆጣጠር ሬጉሌተርና ውኃ የሚያጣራ ማጣሪያ የግድ ናቸው። የጋራዥ ኮምፕሬሰር የሚጠቀሙ ከሆነ ዘይት የሚያጣራም ይጨምሩበት፤ ከአየሩ ጋር የምትወጣ አንዲት የዘይት ጠብታ ቀለሙን ትበሳለች።

ቀኑና ሰዓቱ

በበጋ ከጠዋቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ያለው ጊዜ ምርጥ ነው። ከዚያ በፊት ቤቱም ቀለሙም ቀዝቃዛ ናቸው፤ ቀዝቃዛ ቀለም ይወፍርና ሳይዘረጋ ይቀራል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ የመንገዱና የግንባታው አቧራ በመስኮት ይገባል። ጠዋት የቀለሙን ጠርሙስ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ ያቁሙት፤ እሳት ግን አያስጠጉት።

በክረምት ችግሩ ይገለበጣል። ዝናብ ሲጥል አየሩ እርጥበት ይሞላል፤ በቲነር የሚቀጥን ቀለም በፍጥነት ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘውና እርጥበቱ እላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ክሊሩ ወተት መስሎ የሚደፈርሰው በዚህ ምክንያት ነው። ሐምሌና ነሐሴን ለማጣበቅ፣ ለመሙላትና ለማለስለስ ይጠቀሙባቸው፤ አንጸባራቂውን ቀለም ፀሐይ ለወጣበት ቀን ያቆዩት።

ከመቀባትዎ ከአንድ ሰዓት በፊት ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። አይጥረጉ፤ መጥረጊያ አቧራውን ከወለል አንሥቶ አየር ላይ ያኖረዋል። የሱፍ ሹራብና ጋቢም ያውልቁ፤ ነጭ ቀለም ላይ የሚገኘው ጭረት መሰል ነገር አብዛኛው የልብስ ክር ነው።

ደረጃ 1፦ ማጠብ

የኪቱ ፕላስቲክ ከፋብሪካ ሲወጣ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚረዳ ቅባት ሊኖረው ይችላል፤ በዚያ ላይ የጣት ወዝ ይጨመርበታል። ክፍሎቹን ከፍሬማቸው ሳይቆርጡ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። በንጹሕ ውኃ አለቅልቀው ራሱ እንዲደርቅ ይተዉት። ከዚህ በኋላ ያለ ጓንት አይንኩት።

ደረጃ 2፦ መጋጠሚያውን ማጥፋት

የመንገደኛ አውሮፕላን ገላ ረጅም ቱቦ ነው፤ የግራና የቀኙ ግማሽ የሚገናኙበት መስመር ከአፍንጫ እስከ ጅራት ይሄዳል። እውነተኛው 787 ላይ እንዲህ ያለ መስመር ስለሌለ ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት።

ሙጫው ከደረቀ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ይጠብቁ። ሙጫ ፕላስቲኩን አሟሙቶ ስለሚያጣብቅ፣ ቸኩለው ያለሰለሱት መጋጠሚያ ከሳምንት በኋላ ሲደርቅ ወደ ውስጥ ይሰምጣል፤ ቀለም ከተቀባ በኋላ መስመሩ ተመልሶ ይመጣል። ክፍተቱን በስቱኮ ስስ አድርገው ይሙሉ። የመኪና ስቱኮ የሚጠቀሙ ከሆነ በአንድ ጊዜ ብዙ አይሙሉ፤ ውስጡ ያለው ማሟሟቻ ቀጭኑን ፕላስቲክ ይጎዳል።

ከዚያ በቁጥር 400 ይጀምሩ፤ በ800፣ በ1000፣ በ1500 ይቀጥሉ። ወረቀቱን ሁልጊዜ በውኃ ያርሱት። አንዱን ቁጥር ዘልለው ወደ ሌላው አይሂዱ፤ የ400ውን ጭረት 1500 አያጠፋውም፣ ላዩን ብቻ ያለሰልሰዋል እንጂ። ክቡን ገላ ሲያለሰልሱ ወረቀቱን በስፖንጅ ላይ ጠቅልለው ይያዙት። ጣት ብቻውን የሚጫነው ቦታ ይጎደጉዳል።

ደረጃ 3፦ ግራጫ ፕራይመር

ነጭ ለመቀባት ከግራጫ መጀመር ትርፍ ሥራ ሊመስል ይችላል። ነጭ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ቀለም ስሕተት ይደብቃል፤ ግራጫ ግን ያጋልጣል። ስስ የግራጫ ፕራይመር ከነፉ በኋላ ሞዴሉን በመስኮት ብርሃን ላይ አግድም ይዘው ያዙሩት። የቀረ መስመር፣ ጉድጓድና ጭረት ሁሉ ይታያል። ያርሙ፣ ያለስልሱ፣ እንደገና ይንፉ። ምንም እስከማይታይ ድረስ ይህን ይድገሙት። የመጨረሻው ቀለም ከፕራይመሩ የበለጠ ለስላሳ አይሆንም፤ እዚህ የተረፈ ሻካራነት ክሊሩ ድረስ ይከተልዎታል።

የመኪና ፕራይመር በናይትሮ ቲነር የቀጠነ ከሆነ የሞዴሉን ፕላስቲክ ሊያቃጥለው ይችላል። መጀመሪያ ክፍሎቹ ተያይዘው በመጡበት ፍሬም ላይ ይሞክሩት፤ ከሞዴሉ ጋር አንድ ዓይነት ፕላስቲክ ስለሆነ ውጤቱ አይዋሽም። ገጹ ከተሸበሸበ ወይም ከሻከረ ያ ፕራይመር ለሞዴል አይሆንም።

ግራጫው ካማረ በኋላ ስስ ነጭ ፕራይመር ያልብሱት። ነጭ ቀለም የመሸፈን ኃይሉ ደካማ ነው፤ ግራጫውን ለመሸፈን የቀለም ንብር ከደራረቡ የመስኮቱና የበሩ ጠርዝ ይሞላል።

ደረጃ 4፦ ነጩን ማቅጠንና መንፋት

የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው። ቀለሙ ከቀጠነ በኋላ ወተት ያህል መሆን አለበት፤ የጠርሙሱን ግድግዳ ይዞ ወርዶ ስስ ሽፋን መተው አለበት። በቲነር ለሚቀጥን ቀለም አንድ እጅ ቀለም ለሁለት እጅ ቲነር፣ ለአክሪሊክ አንድ ለአንድ ጥሩ መነሻ ነው። በወሰን ከፍታ ከዚህ ላይ ጥቂት ቲነር ይጨመራል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ዘግይቶ የሚደርቅ ቲነር ወይም ማዘግያ ጠብታ መጨመር ነው። ቀለሙ ፕላስቲኩ ላይ ካረፈ በኋላ ለመተኛት ጊዜ ያገኛል፤ ልስላሴ የሚመጣው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው።

ግፊቱን ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ ያድርጉት። ግፊት ሲበዛ አየሩ ቀለሙን ይበልጥ ያደርቀዋል፤ እዚህ ከፍታ ላይ ወደ 15 መጠጋት ይሻላል። ጠርሙሱን ወደ ኤርብራሹ ሲገለብጡ ቀለሙን በጥሩ ወንፊት ወይም በናይለን ካልሲ ያጥልሉት።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል ይንፉ፦

መጀመሪያ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ርቀው ስስ ጤዛ የሚመስል ንብር ይጣሉ። ፕራይመሩ በውስጡ ይታያል፤ ይታይ። ይህ ንብር ለሚቀጥለው መያዣ ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይጠብቁ።

ሁለተኛውንም እንዲሁ ስስ ያድርጉት።

ሦስተኛውን እርጥብ አድርገው ይንፉ። ኤርብራሹን ወደ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ያስጠጉ። መንፋት ከሞዴሉ ውጭ ጀምረው፣ በገላው ላይ ሳያቆሙ አልፈው፣ ከሞዴሉ ውጭ ያቁሙ። እያንዳንዱ መስመር ያለፈውን ግማሽ ይሸፍን። ዓይንዎ አፍንጫው ላይ ሳይሆን ቀለሙ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ይሁን፤ የመብራቱ ነጸብራቅ ከኋላዎ እየተከተለ ጥርት ካለ ፍጥነቱ ትክክል ነው። ነጸብራቁ ከደበዘዘ ይዘግዩ ወይም ይጠጉ። ቀለሙ መፍሰስ ከጀመረ ይፍጠኑ።

ክንፉን ከገላው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ይጀምሩ፤ እዚያ አየር ስለሚጋጭ ቀለም ደርቆ ይጠራቀማል። ጥጉን አስቀድመው ቀብተው፣ ሰፊውን ገጽ ኋላ ቢነፉት የተጠራቀመው ዱቄት ይዋጣል። ግራጫ የሚሆነውን የክንፍ ክፍል ነጩ ከደረቀ በኋላ ሸፍነው ለብቻው ይቀቡታል።

ሲጨርሱ ሞዴሉን በንጹሕ የካርቶን ሳጥን ወይም በትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ይክደኑት። ቀለም አቧራ የሚይዘው ሲነፋ ብቻ አይደለም፤ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ከሁሉ የከፋ ነው። አቧራ ሲያርፍበት ካዩ በጣት አያንሡት። ይድረቅ፤ ኋላ በቁጥር 2000 ይነሣል።

ደረጃ 5፦ መጠበቅና ማረም

በቲነር የሚቀጥነው ቢያንስ አንድ ቀን፣ አክሪሊኩ ሁለት ቀን፣ ኢናሜል ደግሞ ሳምንት ይፈልጋል። አፍንጫዎን ወደ ሞዴሉ ያስጠጉ፤ የቀለም ሽታ ካለ አልደረቀም። የላዩ ቆዳ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቀለም ላይ ቴፕ ቢለጥፉ ቴፑ አሻራውን ይተዋል።

ከደረቀ በኋላ ሊገጥሙ የሚችሉት ጉዳቶች አራት ናቸው፦

የዱቄት ሻካራነት፦ ቀለሙ በአየር ላይ ደርቋል። በውኃ በረጠበ 2000 ቁጥር አለስልሰው ዘግይቶ የሚደርቅ ቲነር ጨምረው ከቅርብ ይንፉ።

የብርቱካን ልጣጭ፦ ቀለሙ ወፍሯል ወይም ሳይዘረጋ ደርቋል። በ1500 ከዚያም በ2000 ያለስልሱ፤ የሚቀጥለውን ንብር ያቅጥኑ።

የወረደ ቀለም፦ በአንድ ቦታ ብዙ ተነፍቷል። ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ቢያንስ ሁለት ቀን ይጠብቁ፤ እብጠቱን በትንሽ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ በተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት ያውርዱት።

ትንንሽ ክብ ጉድጓዶች፦ ቅባት ወይም የጣት ወዝ አለ። ያንን ቦታ አውርደው በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ አጥበው እንደገና ይቅቡ። ቀለም ቢደራርቡበት ጉድጓዱ አይሞላም።

ደረጃ 6፦ የጅራቱ ሦስት ቀለም

የጅራቱን ምልክት ከዲካል ይልቅ በቀለም መሥራት ለሚፈልግ፣ ቅደም ተከተሉ ከደማቁ ወደ ጥቁሩ ነው፦ በነጩ ላይ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቀይ፣ በመጨረሻ አረንጓዴ። ቢጫ የሚደምቀው ንጹሕ ነጭ ከሥሩ ሲኖር ብቻ ነው። አረንጓዴ ወይም ግራጫ ላይ ቢቀባ ይቆሽሻል።

ማስኪንግ ቴፑን ከመለጠፍዎ በፊት ጠርዙን በመስታወት ላይ በአዲስ ምላጭ ይቁረጡ፤ የጥቅሉ ጠርዝ አቧራ ይዟል። ከለጠፉ በኋላ ጠርዙን በጥፍር ይጫኑት። አሁን አዲሱን ቀለም ከመንፋትዎ በፊት ከሥር ያለውን ቀለም በቴፑ ጠርዝ ላይ ስስ አድርገው ይንፉ። ቴፑ ሥር የሚሰርግ ነገር ካለ የሚሰርገው ያው የነበረው ቀለም ይሆናል፤ ከላይ የሚመጣው አዲስ ቀለም ጠርዙ እንደ ምላጭ ይወጣል። ቴፑን ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሳይጠነክር፣ ወደ ራሱ አጥፈው፣ በዝግታ ያንሡ።

ደረጃ 7፦ ዲካል

ገላው ላይ ያለው የአየር መንገዱ ስም፣ በላቲንም በአማርኛም፣ መስኮቶቹም በዲካል ይመጣሉ። ዲካል ሻካራ ገጽ ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ታምቆ ብር መስሎ ያበራል፤ ፊደሉ በነጩ ላይ እንደተሳለ ሳይሆን እንደተለጠፈ ይታያል። ስለዚህ መጀመሪያ ስስ አንጸባራቂ ክሊር ይንፉና አንድ ቀን ይጠብቁ። ዲካሉን ለብ ባለ ውኃ አርሰው ያንሸራትቱ፤ ውኃውን ከመሐል ወደ ዳር በእርጥብ ጥጥ ያስወጡ።

ደረጃ 8፦ ክሊርና ፖሊሽ

ለነጭ አውሮፕላን አክሪሊክ ክሊር ይምረጡ፤ የኢናሜል ክሊር በጊዜ ብዛት ይቢጫል። በዲካሉ ላይ ሁለት ስስ ንብር፣ ከዚያ አንድ እርጥብ ንብር ይንፉ። መጀመሪያውኑ እርጥብ ከነፉ ማሟሟቻው ዲካሉን ያሸበሽበዋል።

ክሊሩ ከሦስት እስከ ሰባት ቀን ከቆየ በኋላ በውኃ በረጠበ 2000 ቁጥር እጅግ በለዘበ እጅ ይለፉበት። ከዚያ ፖሊሽ በለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ያሹ። የክንፍ ጠርዝ፣ የሞተር አፍና የጅራት ጫፍ ላይ ወረቀት አያሳርፉ፤ ቀለሙ እዚያ ከሁሉ ስስ ስለሆነ በሁለት ምት ፕላስቲኩ ይወጣል። ፖሊሽ ከገባበት መስመር ደግሞ በውኃ በረጠበ ለስላሳ ብሩሽ ያውጡት።

ለጤናዎ

ቲነር የሚተነው ወደ ሳንባዎም ነው። የቀዶ ሕክምና ጭንብልና የጨርቅ ማስክ ትነት አያግዱም፤ የኬሚካል ትነት የሚያጣራ ካርትሪጅ ያለው ማስክ ያስፈልጋል። ሁለት መስኮት ወይም መስኮትና በር ከፍተው አየሩ እንዲያልፍ ያድርጉ። ቡና የሚፈላበት፣ ከሰል የተያያዘበት ወይም ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይንፉ፤ የቲነር ትነት ከአየር ስለሚከብድ ወለል ወለሉን ሄዶ እሳቱን ያገኛል። ሕፃናትን ያርቁ። የተረፈውን ቲነር ወደ መታጠቢያ ቤት ወይም ወደ ወንዝ አይድፉ፤ በክዳን ጠርሙስ ቢያቆዩት ቀለሙ ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራው ኤርብራሹን ለማጠብ እንደገና ያገለግላል።

ከዛሬ የሚጀመር

ውድ ኪትዎን ከመንካትዎ በፊት አንድ ርካሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወይም የድሮ መጫወቻ ይውሰዱና ሦስት ቦታ ይከፋፍሉት። በአንዱ ላይ በጠርሙሱ እንደተጻፈው ቀጥኖ የተዘጋጀ ቀለም፣ በሁለተኛው ላይ ተጨማሪ ቲነር ያለበትን፣ በሦስተኛው ላይ ማዘግያ የገባበትን ይንፉ። መጠኑን፣ ግፊቱን፣ ወሩንና ሰዓቱን ደብተር ላይ ይጻፉ። በታኅሣሥና በሰኔ ይድገሙት። ለወሰን አየር የተለካ የቅልቅል መጠን የሚገኘው በዚያ ደብተር ውስጥ ነው፤ ሲያገኙትም ለሌላው ያካፍሉ። በየቤቱ ብቻውን የሚታገል ሞዴል ሠሪ ብዙ ነው፤ የአንዱ ትክክለኛ ቁጥር የሌላውን ኪት ያድናል።